አረንጓዴው ኮት እና ጀርባውን የሰጠው ሰውዬ

የምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ ጄፒ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ወደ እኛ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ደረጃውን ወጥቶ፣ እያለከለከ ነው በሩ ላይ የሚደርሰው። ጋሼ ይህን አይጠሉትም። «ደረቱ ተነፍቶ ከለካነው ወደፊት ቢወፍርም ኮቱ አይጠበውም» ይላሉ። ጋሼ የምላቸው የስፌት ቤቱን ባለቤት ነው። ልጅ ሆነው መርካቶ መርፌ ያዙ፤ እዚህ አገር ፀጉራቸው ሸበተ፤ መርፌውን አሁንም አልለቀቁትም።

እኔ እሳቸው ዘንድ የደረስኩት ድምፄ ስለማይሰማ ነው። ከአገር ስመጣ መጀመሪያ የገባሁት ከከተማው ዳር ጻካኔ የሚባል ሰፈር፣ የወንድሜ ስፓዛ ውስጥ ነበር። ስፓዛ ዳቦና ዘይት፣ ሲጋራ በፍሬ፣ የስልክ ካርድ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ናት። ሻጩ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ይቆማል፤ ገዢው በቀዳዳው እጁን ያስገባል። ሰው ፊት መቆም ለሚያሳፍራት ልጅ ከዚህ የተሻለ ሥራ ያለ አይመስልም። ችግሩ ደንበኛው «ሳውቦና!» ሲል የምመልሰው ሰላምታ ከፍርግርጉ አያልፍም። «ሰው የለም» ይባባሉና ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳሉ፤ እኔ እዚያው ቆሜ አያቸዋለሁ። ወንድሜ ለተወሰነ ጊዜ ታገሰና አንድ ቀን፣ «አንቺ ልጅ፣ መርፌ ድምፅ አይፈልግም፤ መርፌ ተማሪ» ብሎ ጄፒ አመጣኝ።

ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ቤታችን የሚነገረው ከምባትኛ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ እንግሊዝኛንና ዙሉን ደግሞ እዚህ መጥቼ ከሰው አፍ እየለቀምኩ ነው። በአራት ቋንቋ ዝም እላለሁ ማለት ነው።

ጋሼ ደንበኛ ፊት ቆሜ መለካት እንደማልችል ወዲያው ነበር የገባቸው። ሜትሩን ይዤ አንድ ሰውዬ ፊት ቆምኩ። ሰውዬው ፈገግ አለልኝ። እኔ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ትቼው ካውያ ልሰካ ሄድኩ። ካውያው ተሰክቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ተካፈልን፤ ጀርባ የእኔ፣ ፊት የእሳቸው። የትከሻ ስፋት፣ የጀርባ ርዝመት፣ ከአንገት እስከ ወገብ ያለውን እኔ ከኋላ ሆኜ እለካለሁ። ደረትና ሆድ የእሳቸው ነው። ስፌቱም እንደዚያው ነው፤ የኮቱን ጀርባ እኔ እሰፋለሁ፣ የፊቱን ቁራጭ እሳቸው። የቁልፍ ቀዳዳ ግን ጠረጴዛ ላይ በእጅ የሚሠራ፣ ማንንም ማየት የማይጠይቅ ሥራ ስለሆነ ለእኔ ተሰጠ። በዚህ ምክንያት የብዙ ወንዶችን ጀርባ አውቃለሁ። መንገድ ላይ ከኋላ ያየሁትን ሰው «የእኛ ደንበኛ ነው» ልል እችላለሁ። ከፊት ሲመጣ አላውቀውም።

ከመስታወታችን ጎን ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል ተሰቅሏል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ለልብስ ሰፊዎች ይታተም ከነበረ የፋሽን ሥዕል የተቀዳ ነው። ሁለት ወንዶች አንድ የትም ያልሆነ ቦታ ላይ ቆመዋል፤ ከእግራቸው ሥር ትንሽ ሣር አለ፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ባዶ ነው። ወገባቸው የተርብ ወገብ ነው። ጫማቸው የሕፃን ጫማ ያህላል፤ በዚያ እግር እንዴት ወድቀው እንዳልተሰበሩ አላውቅም። አንደኛው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በትር ይዟል፤ አጠገቡ ቀጭን ውሻ አለ። ሁለተኛው ጀርባውን ሰጥቶናል፤ ከፊቱ የሚታየው ትንሽ ጉንጭና ጺም ብቻ ነው። እየተነጋገሩ ይመስላሉ፤ የሚነጋገሩት ነገር ግን ያላቸው አይመስልም።

እኔ የምወደው ጀርባውን የሰጠውን ነበር። ያኮረፈ ሰው ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ናቸው የነገሩኝ።

«አላኮረፈም። ሥራ ላይ ነው» አሉኝ። «ሰፊው የጀርባውን ስፌት እንዲያይ ነው የዞረው። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ሁልጊዜ አንዱ መዞር አለበት።»

ከዚያ በኋላ ይበልጥ ወደድኩት።

ሥዕሉን የሰጡን ከእኛ ትንሽ ወረድ ብሎ ማተሚያ ቤት ያላቸው ሴት ናቸው። ሁሉም ሰው «ማ» ነው የሚላቸው፣ እናቴ እንደማለት። ሶዌቶ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ጣቶቻቸው ሁልጊዜ ጥቁር ቀለም አለባቸው። የመዳብ ሰሌዳ ላይ በመርፌ ይሥላሉ፤ ጭረቱ ውስጥ ቀለም ያስገባሉ፤ የቀረውን ይጠርጋሉ፤ እርጥብ ወረቀት ያለብሱትና ትልቅ መዘውር እያዞሩ ይጫኑታል። ጋሼ ከወፍራም ሸራ ሽርጥ ሰፍተውላቸው ስለነበር አንድ ቀን ይህን ሥዕል ጠቅልለው አመጡ። «ከድሮ ሥዕል አይቼ ለልምምድ የሠራሁት ነው» አሉ። ጋሼ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ጋሼ ሥዕል የሚያከብሩበት ምክንያት አላቸው። መርካቶ ያስተማራቸው ሰፊ ከውጭ መጽሔት ገጽ እየቀደደ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ ነበር። ጽሑፉን ማንበብ የሚችል ሰው ስላልነበረ ሥዕሉ ያሳየው ነገር ሁሉ ሕግ ነበር። አንድ ጊዜ መጽሔቱ ታጥፎ ኖሮ እጥፋቱ በኮቱ ሆድ ላይ አግድም መስመር ሠርቶ ነበር። እነ ጋሼ መስመሩንም ሰፉት። ያ ፋሽን ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቆየ ይላሉ፤ ሲሉም አይስቁም።

የአረንጓዴው ኮት ባለቤት፣ ሙሽራው፣ የመጣው እንግዲህ ሥዕሉ ከተሰቀለ በኋላ ነው። የሶዌቶ ታክሲ ነጂ ነው። ታላቅ እህቱ አብራው መጣች፤ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ደረጃውን ስትወጣ ያለከለከችው ትንፋሿ ሳይመለስላት ነው ማውራት የጀመረችው። የተሰቀሉትን ሱፎች ሁሉ አዩ። ከዚያ ሙሽራው ግድግዳው ፊት ቆመ።

«ባባ፣ ይሄን» አለ፣ በትር የያዘውን ሰውዬ እየጠቆመ።

«ይሄ የድሮ ነው፣ ልጄ።»

«የድሮ ስለሆነ ነው የፈለግሁት። የእጮኛዬ አጎቶችም የድሮ ናቸው።»

ነገሩን አስረዳ። እዚህ አገር ሙሽራ ከማግባቱ በፊት ሎቦላ አለ፤ የጥሎሽ ሽምግልና ማለት ነው፤ የልጅቷ አጎቶች ናቸው የሚቀመጡት። አጎቶቹ በዚያ ቀን ጫማውን አይተው ተያዩ፤ ጃኬቱን አይተው ተሳሳቁ። ልጅቷን ሰጡት፤ ግን የሰጡት እንደተሸነፈ ሰው እያዘኑ ነው።

«ሠርጉ ላይ እንከን ሊፈልጉ ነው የሚመጡት» አለ። «ከጫማዬ ይጀምሩና ወደ ላይ ይወጣሉ። ኮቱ ጋ ሲደርሱ ዝም እንዲሉልኝ ነው የምፈልገው።»

«ፀጉርህ ጋ ሲደርሱስ?» አለች እህቱ።

«ኮፍያ አደርጋለሁ።»

«እኔ የምቆርጥልህን ፀጉር በኮፍያ ልትሸፍን!»

«ልክ እንደ ሥዕሉ?» አሉ ጋሼ።

«ልክ እንደ ሥዕሉ፣ ባባ። ውሻው ይቅር።»

ጨርቁ አረንጓዴ ሱፍ ነበር፤ ከጣቃው ላይ የቀረችው ለአንድ ኮት ብቻ ትበቃለች። ኮሌታው ጥቁር ከፋይ። ሙሽራው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚነዳ ሰው ስለሆነ ወገቡ የተርብ አይደለም፤ ጋሼ ግን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሥዕሉንና ሰውዬውን ሲያስታርቁ ሰነበቱ። ጀርባውን እኔ ሰፋሁ። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ እንዳሳየኝ፣ ከትከሻው ወደ ወገቡ ጎበጥ ብለው የሚወርዱ ስፌቶች ነበሩት። እንደ ሥዕሉ ወጣ።

ለፊቱ ጋሼ ሥዕሉን አወረዱና የስፌት መኪናው ላይ አስደግፈው ጠመኔ ያዙ። ቁልፎቹ በየት በኩል፣ ቀዳዳዎቹ በየት በኩል እንደሆኑ አዩ። ቆም አሉ። ጠመኔውን በአየር ላይ እንደያዙ ትንሽ ቆዩና፣ «በዚያን ዘመን እንዲህ ነበር ማለት ነው» ብለው ምልክት አደረጉ። እኔ ጠመኔ ባረፈበት ቀዳዳውን በመቀስ ከፈትኩ፣ ዙሪያውን በሐር ክር ሰፋሁ። ስፌት ቢበላሽ ይፈታል። በመቀስ የተከፈተ ቀዳዳ ግን ተመልሶ ጨርቅ አይሆንም።

ሠርጉ ቅዳሜ ነበር። ረቡዕ ማታ ሩስተንበርግ ከተማ ያሉ የጋሼ የአገር ሰው ማረፋቸው ተሰማ። ጋሼ ሐሙስ ጠዋት ጥቁር ጃኬታቸውን ለብሰው ቁልፉን ሰጡኝ።

«ሙሽራው ዛሬ ሊለካ ይመጣል። አልብሽው፣ እይው፣ ሸኚው።»

«ከፊት?»

«ከፊት።»

ለቅሶውን እኔ ልሂድልዎ አልኳቸው። የምሬን ነበር። እንዳልሰሙ ሆነው ደረጃውን ወረዱ።

ከሰዓት በኋላ ሙሽራውና እህቱ እያለከለኩ ገቡ። ኮቱን ከኋላ ሆኜ አለበስኩት። ጀርባው ላይ አንዲት መጨማደድ የለም። ሥራው እዚያ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ፤ እሱ ግን ሊያሳየኝ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ጀርባው ዞርኩ። እሱ ዞረ። እኔም ዞርኩ።

«ሲሲ» አለች እህቱ፣ እህቴ እንደማለት፣ ካውያ የምናደርግበት ጠረጴዛ ላይ ወጥታ እንደተቀመጠች፣ «ሊያገባ ነው እንጂ ሊያመልጥ አይደለም። ምን ታዞሪዋለሽ?»

«ተያት፣ ታፍራለች» አለ እሱ።

«እኔም አንተን ሳይ አፍራለሁ፤ ግን አልዞርም።»

ቆምኩ። ፊቱን ማየት ስላልቻልኩ ቁልፎቹን አየሁ። ሙሽራው ኮቱን ሊቆልፍ እጆቹን ሰደደ። ቀኝ እጁ ቁልፍ ፍለጋ ሄዶ ቀዳዳ አገኘ። ግራ እጁ ቀዳዳ ፍለጋ ሄዶ ቁልፍ አገኘ። ሁለቱ እጆቹ ሆዱ ላይ ተጋጩ።

«ጣቶቼ ወፍረዋል መሰለኝ» አለ።

ጣቶቹ አልወፈሩም። የለበስኩትን ሹራብ አየሁ፤ መልሼ ኮቱን አየሁ። የሁለቱም ቀዳዳዎች በቀኝ በኩል ናቸው። የሴት ልብስ ነው በዚያ በኩል የሚቆለፈው፤ የወንድ በሌላው ነው። ይህን ማንም ሰፊ ያውቃል። ጋሼም ያውቃሉ፤ ግን ሥዕሉ ሌላ ብሎ ነበር።

ዝም ብል ይሄድ ነበር። ጣቶቹ ወፍረዋል ብሎ አምኗል። ግን ቅዳሜ ከእነዚያ አጎቶች አንዱ፣ ወይም የአንዱ ሚስት፣ እጆቹ ሲጋጩ ታያለች፤ ከዚያ ጫማውንም ፀጉሩንም የሚያስታውስ አይኖርም፤ ዕድሜ ልኩን የሴት ኮት ለብሶ ያገባው ታክሲ ነጂ ይሆናል። እስከዚያ ቀን ለደንበኛ የተናገርኩት ረጅሙ ነገር «ኦኬ» ነበር። እንግሊዝኛ ፈለግሁ። የመጣልኝ ቃል ምድር ቤት መጸዳጃው በር ላይ የማነበው ብቻ ነው። ጣቴን ኮቱ ላይ አድርጌ፣ «ሌዲስ» አልኩ።

«ሂጂ፣ እንጠብቅሻለን» አለች እህቱ።

ራሴን ነቀነቅሁ። ሹራቤን ቆለፍኩና ኮቱን ጠቆምኩ። ሹራቤን ፈታሁና ኮቱን ጠቆምኩ። እህቱ ከጠረጴዛው ወረደች፤ ቀረብ ብላ አየች፤ የራሷን ጃኬት አየች። ከዚያ ተመልሳ ጠረጴዛው ላይ ወጣች፤ ቆማ መሳቅ ስላልቻለች።

«የሚስትህን ኮት ነው የለበስከው!»

ሙሽራው አልሳቀም። ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አደረገው፤ የታመመ ሰው እንደያዘ ሁሉ።

«ከነገ ወዲያ ነው» አለ። «ሌላ ኮት የለኝም።»

ታክሲው ታች ቆሞ ተራው እየደረሰ ስለነበር መሄድ ነበረበት። እህቱ አልሄደችም። «ቅዳሜ ራቁቱን እንዳይቆም እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ» አለች። ጋሼ ጋ ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው፤ ለቅሶ ቤት ስልክ አያበሩም። አረንጓዴው ሱፍ ደግሞ አልቋል። ሥዕሉን ከግድግዳው አወረድኩ። እህቱ ኮቱን ያዘች። ወደ ማ ሄድን።

ማ ሥዕሉን አዩ። ኮቱን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠረጉና ከመታጠቢያው በላይ የተሰቀለውን መስታወት አውርደው ሥዕሉ ፊት ያዙት። መስታወቱ ውስጥ ሁሉም ነገር ቦታው ነበር፤ ቁልፎቹ የወንድ፣ በትሩ በቀኝ እጅ፣ ውሻው በሌላ በኩል።

«መዳቡ ላይ እንዳየሁት ሣልኩት» አሉ። «መዳቡ ወረቀት ላይ ሲጫን ይገለበጣል፤ ማኅተም ላይ እንዳለ ጽሑፍ ነው። ሥራዬ ብዬ ብሠራው ኖሮ ገልብጬ እሥለው ነበር። ለልምምድ ስለሆነ ተውኩት። የእኔ ሰዎች ሁሉ ግራኝ ናቸው። ሰው ልብስ ይሰፋበታል ብዬ መቼ አሰብኩ?»

«እኛስ ሥዕል ይገለበጣል ብለን መቼ አሰብን?» አለች እህቱ።

ማ ሰፊ መሳቢያ ከፈቱ። እሳቸው አይተው የቀዱበት የድሮው ሥዕል እዚያ ነበር፤ በቀለም ነው። ሰውዬው ላይ ያለው ኮት እንደ እኛው አረንጓዴ ነው።

«የድሮዎቹ ግን ያውቁ ነበር አይደል?» አለች እህቱ።

«ያውቁ ነበር። ግን ይሰራረቁም ነበር። አንዱ አታሚ የሌላውን ሥዕል ሲሰርቅ ቸኩሎ እንዳየው ስለሚቀዳው ተገልብጦ ይወጣል። ሌባውን በቁልፉ ታውቂዋለሽ። ከዚያ ሥዕሉ በመርከብ ሩቅ አገር ይሄድና እንደ እናንተ ባባ ያለ ሰፊ እጅ ይገባል።»

ስለዚህ ከእኛ በፊት አንድ የሆነ ሰፊ፣ አንድ የሆነ ወደብ ላይ፣ «በዚያ አገር እንዲህ ነው ማለት ነው» ብሎ ጠመኔውን አሳርፎ ነበር። ደንበኛው ምን እንዳለ ማ አያውቁም።

የሥዕሉን አረንጓዴ ኮት ጠጋ ብዬ አየሁት። እጅጌው ላይ ቀለሙ ከመስመሩ ትንሽ ወጥቷል። ማ ጣቴ የቆመበትን አዩ።

«ቀለሙን የቀቡት ሴቶች ናቸው። ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዷ አረንጓዴ ብቻ፣ አንዷ ቡናማ ብቻ ትቀባለች፤ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። የሣለው ሰው ስም አንዳንዴ ከታች ይጻፋል። የእነሱ የትም የለም።»

የአረንጓዴዋ ልጅ ደክሟት ይሆናል። ወይም ሰው ጠርቷት ቀና ብላ ይሆናል።

ማ ሌሎቹን ወረቀቶች አንድ በአንድ ገለጡ። የሚጋልብ፣ የሚያደን፣ እሳት ዳር የቆመ፤ ሁሉም አንድ ፊት ነው ያላቸው፣ ሁሉም ትንሽ እግር። አንዱ ላይ እጄን አሳረፍኩ። የዚህኛው ኮት ደረቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አግድም ጥቁር የተጎነጎነ ገመድ ተሰፍቶበታል፤ ቁልፍ የለውም፤ የአንዱ ወገን ገመድ ቀለበት ሠርቶ የሌላውን ወገን ቋጠሮ ይይዛል።

«የወታደር ልብስ ለማስመሰል ነው» አሉ ማ። «ጦር ሜዳ ያልሄዱት ናቸው የሚወዱት።»

እኔ የሥዕሉን ገመድ ነካሁ፤ ከዚያ የእኛን ኮት ቀዳዳዎች ነካሁ። እህቱ ሁለቱንም አየች።

«አዪዪ!» አለች። «ገመዱ ቀዳዳውን ይደብቃል!»

በእኛው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ የሚሸጥ የአገራችን ሰው አለ። ጥቁር የመጋረጃ ገመድ ጠየቅሁት። ጆሮውን አስጠግቶ አስደገመኝ።

«ለስንት መስኮት ነው?»

«ለመስኮት አይደለም። ለሰው ነው።»

«ለሰው? መጋረጃ?»

«ለሙሽራ።»

«ወላሂ፣ ይህ ከተማ የማያሳየን ነገር የለም» አለና ገመዱን ቆረጠልኝ። ሙሽራ ነው ስላልኩ ከጫፉ የሚንጠለጠል ዘርፍ መረቀበት።

ዓርብ ጠዋት እህቱ ተመልሳ መጣች። ገመዱን ፈትተን በቀጭኑ እንደገና ጎነጎንነው። እኔ ጉንጉን አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ጣቶቿ አይታዩም። «ደስ ሲል» ትላለች፣ «ገመድ አያለቅስ፣ ጠበቀብኝ አይል፣ የጎረቤቱን ሐሜት አያወራ።» ሐሜቱን ግን እሷ አወራችው፤ የእነዚያን አጎቶች ታሪክ አንድ በአንድ ሰማሁ። እኔ ቀዳዳዎቹን በአረንጓዴ ክር አፋቸውን ገጠምኩ። ቁልፎቹን ነቀልኩ። ገመዱን በሁለቱም ወገን አግድም ሰፋሁበት፤ ቀለበቱ በወንድ ልብስ ደንብ በግራ፣ ቋጠሮው በቀኝ። ስንጨርስ ከእያንዳንዱ ገመድ ጫፍ ዘርፍ ተንጠልጥሏል።

ጋሼ በዚያው ሰዓት ደረሱ። ጥቁር ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ኮቱ ፊት ቆሙ።

«ከሥዕሉ ወጣሽ» አሉ።

ሥዕሉን አንስቼ ሰው የሚለካበት ትልቁ መስታወታችን ፊት ያዝኩት። ጋሼ መስታወቱን አዩ፤ ሥዕሉን አዩ፤ እንደገና መስታወቱን አዩ። ያቺ የታጠፈች መጽሔት ትዝ ያለቻቸው መሰለኝ።

«ውሻውም ተገልብጦ ነበር?» አሉ።

«ውሻውም።»

«እንኳን አልሰፋነው።»

ኮቱን አነሱ። ገመዱን ጎተት አደረጉት፤ አልተነሳም። ከውስጥ በኩል ቀዳዳዎቹ የተገጠሙበትን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

«ገመዱ የምንድን ነው?»

«የመጋረጃ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ፣ «ዘርፉ ይቅር» አሉ። ዘርፎቹን ቆረጥኩ። ኮቱን ራሳቸው ካውያ አደረጉት።

ልንዘጋ ስንል ሙሽራው ከሥራ መጣ። እንደ ልማዴ ወደ ኋላው ልሄድ ስል ጋሼ ቀደሙኝ፤ እሳቸው ከኋላ ቆሙ።

«ፊቱን አንቺ እዪ» አሉ። «የሠራሽው አንቺ ነሽ።»

ፊት ለፊት ቆምኩ። ሙሽራው ትንፋሹን ውጦ እጆቹን ሰደደ። ቀኝ እጁ ቋጠሮውን አገኘ። ግራ እጁ ቀለበቱን አገኘ። አልተጋጩም። መስታወቱ ውስጥ ራሱን ለረጅም ጊዜ አየ።

«ይሄ ሥዕሉ አይደለም» አለ።

«ቻ» አልኩ። በዙሉ አይደለም ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ደንበኛ ሳያስደግመኝ ሰማኝ።

«አጎቶቿ ሥዕሉን መች አዩትና ነው?» አለች እህቱ።

እሱም ይህን አሰበበት። ከዚያ ኮቱን ሳያወልቅ ደረጃውን ወርዶ ታክሲው ውስጥ ገባ።

ቅዳሜ ሱቁን ከፈትን፤ ሥራ ግን አልሠራንም። ጋሼ አንዱን ሱሪ ሲያጥፉና ሲዘረጉ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ስልካቸው ጮኸ። ሙሽራው እጁን ዘርግቶ ራሱን ያነሳው ፎቶ ነው። ከጀርባው ሽማግሌዎች ተኮልኩለዋል፤ ከሁሉም በላይ ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ ተሰቅሏል። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። ፊታቸው ተለወጠ።

«አንቺ ልጅ፣ አሁንም የሴት ነው!»

አየሁት። እውነትም ቀለበቶቹ በሴት በኩል ናቸው። ድንግጥ አልኩ። በየት በኩል እንደሰፋሁ ሁለት እጆቼን ደረቴ ላይ አድርጌ ሞከርኩ። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ በላይ ያለውን ጽሑፍ አየሁ። ፊደሎቹ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረዋል። ስልኩን ወስጄ ትልቁ መስታወት ፊት ያዝኩት። ጽሑፉ ተነበበ፤ ኮቱም የወንድ ሆነ።

«ስልክም ይገለብጣል?» አሉ ጋሼ።

«ሰው ራሱን ሲያነሳ ይገለብጣል።»

«እንግዲህ ቀጥ ያለ ነገር የሚሠራ ጠፋ» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ።

እኔ መስታወቱ ውስጥ ማየቴን ቀጠልኩ። ትልቁ አጎት ወደ ካሜራው አያዩም። አንገታቸውን አቀርቅረው ሙሽራው ደረት ላይ ያለውን ገመድ በሁለት ጣታቸው ይዘዋል። አፋቸው ዝግ ነው። የሌሎቹም ዝግ ነው።

ወዲያው የእህቱ መልእክት መጣ። «ከጫማው ጀመሩ። ኮቱ ላይ ቆሙ። ትልቁ አጎት ገመዱ ከየት ነው እያሉ ነው።»

«መጋረጃ ብለሽ እንዳትጽፊ» አሉ ጋሼ።

«ምን ልበል?»

ግድግዳውን አዩ። «ከድሮ ሥዕል ነው በይ።»

ጻፍኩ። መልሱ ቶሎ መጣ፤ አጎትየው ሥዕሉን ማየት ይፈልጋሉ፤ ሰኞ ይመጣሉ፤ ለእሳቸውም ኮት ይሰፋላቸው። ጋሼ ሱሪውን አስቀመጡ፤ መዶሻ አነሱ። ሥዕሉን ከመስታወቱ ጎን አንስተን ከመስታወቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። አሁን ሥዕሉን ልክ አድርጎ ማየት የፈለገ ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ወደ መስታወቱ መዞር አለበት።

ሰኞ አጎትየው እያለከለኩ ደረሱ። በዚያው መንገድ አቆምናቸው። ጋሼ ከኋላ ሆነው የትከሻቸውን ስፋት ያዙ። እኔ ሜትሩን ይዤ ከፊታቸው ቆምኩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «መስታወቱን ከለልሽኝ።»